በበሩ በኩል ያለው እግር

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ እኛ ሰፈር አዲስ ሊከፈት የነበረ ፑል ቤት ደጃፍ ላይ ደረስኩ። ሐዋሳ ውስጥ ፑል ቤት ብርቅ አይደለም። ወጣቶቹ ጠረጴዛውን ከአይሱዙ አውርደው አዲሱ ቤት ውስጥ ሊያስተካክሉት ይታገላሉ። አንዱ ስልኩን እንደ ውሃ ልክ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ "ዜሮ ነው፣ ዜሮ ሆኗል" ይላል። ሌላው "ስልክህን ተወውና ኳሷን አስቀምጣት" ይለዋል። ኳሷን አስቀመጧት፤ ትንሽ ቆይታ ወደ ጥጉ ሄደች። እኔ መቼም መንገድ ላይ ቆሞ የሰው ሥራ የሚያይ ሰው አይደለሁም፤ መቆም ራሱ አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ባለቤቴ ምሳ ቀርቧል ብላ ደጋግማ ብትደውልም ቆሜ ቀረሁ።

ኳሷ ያስታወሰችኝ ነገር የሆነው በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ከለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ አርባ ምንጭ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የማያደርስ ሆኖ፣ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ አልኩ ስል ለወጉ ነው እንጂ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ስላረፉ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ዘነበች ናት። እትዬ እላታለሁ። የከተማው ታችኛ ሰፈር ሲቀላ ውስጥ በተከራየናት ቤት በረንዳ ላይ አንድ ፑል ጠረጴዛ ነበረን፤ የምንተዳደረውም በእሱ ነው። መናኸሪያው ቅርብ ስለነበር ነጋዴውም ተማሪውም ሥራ ፈላጊውም ይጫወትበታል። እኔ ኳስ እየደረደርኩ ዓይኔ ከአውቶቡሶቹ ላይ አይነሳም። አንዱ ጥሩንባውን ነፍቶ በወጣ ቁጥር ኳሱን ትቼ እስከ መንገዱ እወጣለሁ። የት መሄድ እንደምፈልግ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ መሄድ ብቻ ነው የምፈልገው።

በመጨረሻ ቀን ወጣልኝ። ወደ አዲስ አበባ ሙዝ የሚያመላልስ ጋሽ ግርማ የሚባል ሹፌር ረዳቱ ጥሎት ሄዶ ነበርና፣ "ቅዳሜ ጠዋት ማደያው ጋ ከተገኘህ ይዤህ እሄዳለሁ፤ ካልተገኘህ ሌላ ሰው አላጣም" አለኝ። ነገሩ የገጠመው አከራያችን ቤቱን ፈልጎት እትዬ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወዳሠራቻት የራሷ ቤት ልንገባ ስንሰናዳ ነው። የሹፌሩን ነገር ስነግራት ጠረጴዛውን አስተካክዬላት እንድሄድ ጠየቀችኝ፤ ሳይስተካከል ብሄድ ብቻዋን ምን ታደርገዋለች? እውነት አላት። ኳሷ መሃል ላይ ሳትቆም ከቤት እንደማልወጣ ቃል ገባሁላት። የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠረጴዛውን ፈታነው። እግሩና ጠርዙ ቀላል ነው፤ መከራው ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው ድንጋይ ነው። ወደ ሴቻ መንገዱ ዳገት፣ ወሩ የካቲት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ደግነቱ ከዶርዜ ለገበያ የወረዱ የአጎታችን ልጆች ደረሱልን። ዶርዜ ላይ የቤቱን ሥር ምስጥ ሲበላው ቤቱን እንዳለ አንስተው ሌላ ቦታ ያቆሙታል፤ አንድ ድንጋይ ለእነሱ ምንም አይደለም። ከሥሩ ቀርከሃ አሳልፈው፣ በጋሞኛ እየተቀባበሉ እያዜሙ ዳገቱን ወጡት። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ቶሎ በሉ እላለሁ። ትልቁ የአጎቴ ልጅ፣ ዛሬ የምናዛውረው ድንጋዩን ነው ወይስ አንተን፣ ታደሰ፣ እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

የእትዬ ቤት የጭቃ ቤት ናት፤ ምርጊቱ ገና በቅጡ አልደረቀም። ወለሉ በቅርቡ የተደለደለ አፈር ነው። ደጃፉ ላይ ሲቆሙ የአባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ተዘርግቶ ይታያል። ጠረጴዛውን ገጣጠምን፤ ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስኩና፣ ውስጧ ያለችው አረፋ መሃል እስክትገባልኝ ድረስ አንዱን እግር ሳነሳ፣ ሌላውን ዝቅ ሳደርግ፣ ስንጥር ስሸጉጥ ረቡዕ አለቀ። አመሻሹ ላይ አረፋዋም ቆመች፣ ኳሷም ቆመች። ሻንጣዬን ያኔውኑ አዘጋጀሁ። ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ ኳሷን ባስቀምጣት ቀስ እያለች ወደ በሩ ጥግ ሄደች።

በበሩ በኩል ያለው እግር ወርዶ ነበር። ሥሩን ብዳስሰው እርጥብ ነው። ያኔ ገባኝ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ከመጥረጓ በፊት አቧራው እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ ትረጫለች፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አዲሱ አፈር ግን ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ከነድንጋዩ ይጫነዋል። በሩ አካባቢ ውሃ እንዳትረጭ ነገርኳት፤ እሺ አለችኝ። እንደገና አስተካከልኩት። ጾም ነበርና ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል፣ ኩርኩፋ አቀረበችልኝ፤ ቆሜ በላሁት።

ዓርብ ጠዋት እግሩ እንደገና ሰምጧል። ወለሉም እርጥብ ነው።

"አልረጭም አላልሽም ነበር?" አልኳት።

"አቧራው ነው፣ ታዴ። ያፍነኛል።"

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳት። ተስተካከለም አልተስተካከለም ነገ እንደምሄድ ነገርኳት። እትዬ ስትናደድ ወደ ጋሞኛ ትሻገራለች፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብላ መጥረጓን ቀጠለች። እኔም ትቻት ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ጋሽ ግርማ መጥቷል፤ መኪናው ላይ ጥሬ ሙዝ ይጫናል፤ አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ያጫውተዋል። ልጁን ሳየው ቦታዬን ሊወስድብኝ መሰለኝ። ከማደያው እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት በእኩለ ቀን ፀሐይ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጢጥ ብላለች፤ በእጇ ጣሳ ይዛለች። እየረጨች አልነበረም። ችግኝ እንደሚያጠጣ ሰው፣ በበሩ በኩል ካለው እግር ሥር ቀስ አድርጋ ውሃ ታፈሳለች።

ጥላዬ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ቀና አለች። ተያየን። ምክንያት አልፈለገችም። ጣሳውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። መጀመሪያ ንዴቴ ሊገድለኝ ደረሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ አንጀቴን በላችኝ፤ ሁለቱ እየተፈራረቁብኝ እስኪመሽ ድረስ ስዞር ዋልኩ። ቤት ስገባ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

ቅዳሜ ስነሳ ወለሉ ደረቅ ነበር፤ አልተረጨም፣ አልተጠረገም። ከእግሩ ሥር ያለው ጭቃ ተዝቆ ወጥቶ፣ ጓሮ ልብስ የምታጥብበት ሰፊ ድንጋይ ገብቶበታል። እኔ ስዞር ማንን ጠርታ ጠረጴዛውን እንዳስነሳች አልጠየቅኳትም።

"አስቀምጣት እስቲ" አለችኝ።

ኳሷን መሃል ላይ አስቀመጥኳት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ንቅንቅ አላለችም።

"በል እንግዲህ፣ መኪናው አይጠብቅህም" አለችና ስንቄን አስያዘችኝ። ሮጥኩ። ደረስኩበትም።

ለፋሲካ ስመለስ ጠረጴዛው የለም። ወለሉ ላይ አራቱ እግሮች የቆሙበት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ምነው ሸጥሽው አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ሳትል "ለማን ብዬ ላስቀምጠው?" አለችኝ። ያ ቤት ጭር ያለ ቅያስ ውስጥ ነው፤ ፑል ሊጫወት ብሎ እዚያ የሚደርስ ሰው አልነበረም። ሲቀላ እያለ ፈላጊው ብዙ ነበር፤ እዚያው ልትሸጠው ትችል ነበር። ያን ሁሉ ድንጋይ ዳገት ያስወጣችው ለገበያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ያልሄድኩበት፣ ያልሠራሁት የለም። እትዬ አሁንም ሴቻ ናት። ለበዓል እሄድላታለሁ፤ በማግስቱ እግሬን ይበላኛል፣ እነሳለሁ። ቆይ ብላኝ አታውቅም፤ ስንቄን ታስይዘኛለች። ድሮ ይህን ከጠንካራነቷ እቆጥረው ነበር።

እሁድ ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ራሴን ጠየቅኩ፤ ያን ሳምንት አንድ ጊዜ "አትሂድ" ብትለኝ ኖሮ እቀር ነበር? አልቀርም ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ታውቀኛለች። ለምናኝ እምቢ ከምላት ውሃ ማፍሰሱ ተሻላት።