ዮናስ ከማታቱ የወረደበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ናትናኤል ደወለልኝ። ናትናኤል እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አሁን የቤተ ክርስቲያናችን የአዲሱ ግቢ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኗል። ያለንበት ግቢ ጠቦናል። እሁድ ጠዋት ለሁለት ተከፍለን እያመለክን እንኳ ሰው ተርፎ ውጭ በድንኳን ይቀመጣል፤ መንገድ ዳር በምናቆማቸው መኪኖች ጎረቤቶቻችን ተማርረዋል። ስለዚህ ከከተማው ራቅ ያለ ሌላ ሰፊ መሬት ልንገዛና ልንዛወር ነው። እሁድ ደግሞ ምእመናኑ ለግዢውና ለግንባታው ቃል የሚገቡበት ቀን ነበር።

«አንቲ መሲ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። «የአሁኑን መሬት ያገኘሽው አንቺ ነሽ ይላሉ። ስቶሪውን ትነግሪናለሽ? ፋይቭ ሚኒትስ ብቻ። ሰዉ ኢንስፓየርድ እንዲሆን።»

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ፤ የጣድኩት ምስር አርሮ ሽታው ሳሎን ሲደርስ ነው የተነሣሁት። መሬቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ ሲባል ስንት ዓመት ዝም ብዬ ሰማሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዌስትላንድስ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ በጸሐፊነት እሠራለሁ፤ የሥራ ፈቃዴ ፓስፖርቴ ላይ ተመትቷል፤ ፖሊስ ሳይ ልቤ አይደነግጥም። ይህ ትልቅ ጸጋ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ጣሪያ አልነበራትም። ኪሌሌሽዋ ውስጥ የኬንያውያንን አዳራሽ ተከራይተን፣ እነሱ ጨርሰው ሲወጡ እኛ እንገባለን። የመጨረሻ መዝሙራቸውን እየዘመሩ እኛ በር ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን፤ ሲወጡ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን እንተላለፋለን። የተቀመጡበት ወንበር ገና ሳይቀዘቅዝ እንቀመጥበታለን። ልጆቹ የሚማሩት ጓሮ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ነበር። በሚያዝያ ዝናቡ ሲወርድ አስተማሪዎቹ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ኮሪደሩ ይሮጣሉ፤ ስብከቱም በሕፃናት ጩኸት ይዋጣል። በየወሩ አዲስ ሰው ይመጣል። አንዱ በሞያሌ በኩል የገባ፣ አንዱ ከስደተኞች ካምፕ የወጣ፣ አንዱ በሥራ ተዛውሮ ኪሌሌሽዋ አፓርታማ የተከራየ። ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ። ያንን መጣበብ ያኔ አማርረው ነበር፤ አሁን ይናፍቀኛል።

የግንባታ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አካባቢ፣ በጭነት ክፍል የሚሠሩ ሽማግሌያችን ናቸው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እኔን መረጡኝ፤ ኮምፒውተር ስለምችል። ዮናስን ደግሞ ንድፍ ስለሚችል አስገቡት።

ዮናስ አገር ቤት የሕንጻ ንድፍ ሁለት ዓመት ተምሮ ሳይጨርስ ነው የተሰደደው። ከእናቱ ጋር ኢስሊ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቀን ቀን አንድ እንጨት ቤት ቁምሳጥን ይሠራል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ኮላ አይጠፋም። ሲስቅ አንገቱን ይደፋል፤ ሳቁን ከመሬት የሚያነሣ ይመስል።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሬት ፍለጋ እንወጣ ነበር፤ ጋሽ ታደሰ፣ ዮናስና እኔ። ጋሽ ታደሰ መኪናቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለግንባታው ስለሰጡ ሁላችንም በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ ነው የምንሄደው። ሴቶቹ ከአምልኮ በኋላ ሳምቡሳ ይሸጣሉ፤ መዘምራኑ የሰው መኪና ያጥባሉ። ሁሉም የየራሱን እያዋጣ ነበርና እኛም እግራችንን አልሰሰትንም። ዮናስ አንድ መሬት ላይ ሲደርስ ቶሎ አይናገርም። ከዳር እስከ ዳር በእርምጃው ይለካል፤ ከዚያ ቆሞ ባዶውን ሣር ያሳየኛል።

«በሩ እዚህ ነው። እዚያ ማዶ የልጆቹ ክፍል። ሰባት መስኮት ይኖረዋል።»

«ለምን ሰባት?»

«ስድስት ያንሳል።»

ጋሽ ታደሰ ከደላላው ጋር ሲከራከሩ እኛ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ እንገዛለን። ሻጯ በሎሚና በበርበሬ አሽታ ትሰጠናለች። ዮናስ ለሁለት ይሰብርና ወፈር ያለውን ለኔ ያቀብለኛል፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ አዙሮ። ከዚህ ሌላ የነገረኝ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጊዜ ያለን ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ከኢምባካሲ አልፎ ወደ ሜዳው በሚወጣው መንገድ ላይ የምንፈልገውን መሬት አገኘን። የመሬቱ ባለቤት ማማ ንጄሪ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አዛውንት ነበሩ። ጋሽ ታደሰን በስልክ ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ቅዳሜ ጠዋት የምትሠሩትን በወረቀት አምጥታችሁ አሳዩኝ። ከሰዓት በኋላ ለመጋዘን የሚፈልጉት ነጋዴዎች ይመጣሉ።» ዮናስ ንድፉን ለሦስት ሳምንት ሲሠራ ሰንብቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ታደሰ የሥራ ተራ ስለገጠማቸው እኔና ዮናስ ብቻ ሄድን።

ሐምሌ ነበር፤ ናይሮቢ በጉም የምትሸፈንበት፣ ሰው በካፖርት የሚውልበት ወር። ዮናስ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ንድፉን ጠቅልሎ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከትቶ መጣ። ማታቱው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል፤ መስኮቱ በትንፋሻችን ደብዝዟል። ከኢምባካሲ ትንሽ አለፍ እንዳልን ማታቱው ቆመ። ኬላ ነው። አንድ ፖሊስ አንገቱን አስገብቶ «ኪታምቡሊሾ» አለ፤ መታወቂያ።

እኔ ፓስፖርቴን አሳየሁ። የዮናስ የስደተኛ ወረቀት ጊዜው አልፎ ነበር፤ የሚታደስበት ቀጠሮ የተሰጠው ከአንድ ወር በኋላ ነው። የቀጠሮውን ቁራጭ ወረቀት አሳየው። ፖሊሱ ገልበጥ አድርጎ አየና መልሶ ሰጠው።

«ሹካ» አለው። ውረድ ማለቱ ነው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ዮናስ ቱቦውን ደረቴ ላይ አደረገው።

«ተቀመጪ፣ መሲ። ሴትዮዋ እየጠበቁ ነው።»

«አብሬህ ልውረድ» አልኩት።

«ሁለታችንም ከቀረን ማን ያሳያቸዋል? ሂጂ። የልጆቹ ክፍል ወደ ምሥራቅ የዞረው ጠዋት ፀሐይ እንዲያገኝ ነው በያቸው።»

ረዳቱ የማታቱውን ጎን በመዳፉ ደበደበ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። እውነቱን ልናገር። «አብሬህ ልውረድ» ስለው ቁጭ ብዬ ነበር። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ብቻ አፌ ልውረድ ሲል ጉልበቴ ቀድሞ ታጥፏል። ዞሬ ሳይ ዮናስ በጉሙ ውስጥ ቆሞ አንድ እጁን ከፍ አድርጎልኝ ነበር።

ማማ ንጄሪ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን ትኩስ ቦንቦሊኖ አቀረቡልኝ። ንድፉን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ዳርና ዳሩን በሻይ ስኒዎች አስያዙት። በጣታቸው ክፍል በክፍል ተከተሉት፤ የልጆቹ ክፍል ላይ ሲደርሱ መስኮቶቹን ቆጥረው ሳቁ።

«ይህን የሣለው ማን ነው?» አሉኝ።

«አንድ ወንድማችን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«ሥራ ገጥሞት ነው» አልኳቸው። ፖሊስ፣ ወረቀት፣ ስደተኛ የሚል ቃል ከሰሙ የሚሸሹ መሰለኝ። አሁን ሳስበው የሚሸሹ ሴት አልነበሩም።

ሻያቸውን ጨርሰው «ነጋዴዎቹን አትምጡ እላቸዋለሁ» አሉኝ። ወደ መንገዱ ስመለስ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለጥቂት ደቂቃ ዮናስን ረስቼው ነበር፤ ይህንንም ልደብቅ አልችልም። የተሳፈርኩበት ማታቱ በዚያው ኬላ ሲያልፍ ግን ቦታው ባዶ ነበር። ዮናስም የለም፣ ፖሊሶቹም የሉም። እንደወረድኩ ከሕዝብ ስልክ ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሥራቸውን ጥለው ፍለጋ ወጡ፤ ከአንድ ጣቢያ አግኝተው፣ ዋስ ሆነው፣ ሊመሻሽ ሲል አስወጡት።

በማግስቱ መጋቢያችን መድረክ ላይ ወጥተው «እህታችን መሠረት ብቻዋን ሄዳ የሴትዮዋን እሺታ ይዛልን መጥታለች!» ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወደ ፊት ጠሩኝ። ዮናስ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ያው የትናንቱ ሸሚዝ ነው፣ ተጨማትሯል። እያጨበጨበ ነበር። መጋቢው ማይክሮፎኑን ሰጥተው «አንድ ቃል በይን» አሉኝ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። የዚያን ሁሉ ሰው ፊት አየሁ። «ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» ብዬ ወረድኩ።

ስንወጣ አቮካዶው ሥር አገኘሁት።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ? መሬቱን አገኘነው አይደል?» አለኝ። አንገቱን ደፋ፤ ሳቁ ግን አልመጣም።

ግንባታው ሁለት ዓመት ፈጀ። ዮናስ ንድፉን ኢስሊ ሆኖ እያረመ ይልክ ነበር። የልጆቹን ክፍል ሰባቱንም የመስኮት ክፈፎች በገዛ እጁ ሠርቶ በጭነት መኪና ላከልን። እሱ ግን በዚያ መንገድ ተመልሶ አልመጣም። የምንዛወርበት እሁድ ሲቃረብ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ ሻይ ሊያፈሉ ወጡ።

«እሁድ ትመጣለህ አይደል?»

«መሲ፣ እኔ በየሳምንቱ ያንን ኬላ ማለፍ አልችልም። አንቺ ታልፊያለሽ።» ቁጣ አልነበረበትም። ያለውን ነገር ነው የነገረኝ። «እዚህ ያለነው ጥቂቶች በየቤቱ እየዞርን እንጸልያለን። አታስቢ።»

እንግዲያው እኔም እዚሁ እቀራለሁ ልለው ፈልጌ ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። «እንጸልይበታለን» ብዬ ተነሣሁ።

በዓመቱ ገደማ ከእናቱ ጋር ዘመዶቻቸው ዘንድ ወደ ካምፓላ መሄዳቸውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋብኝ። እኔም ትዳር ያዝኩ፤ ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ልጆቼ ፊደል የቆጠሩት ዮናስ በሣለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ እውነትም ትገባ ነበር።

እሁድ ተነሥቼ ተናገርኩ። የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ምን ያህል እንደወሰድኩ አላውቅም። ስሙን ከነአባቱ ጠራሁ። መቀመጤን፣ ለማማ ንጄሪ የዋሸሁትን፣ መድረክ ላይ የዋጥኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። የሚያውቁት አሮጊቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከመቀመጤ በፊት «ለመሆኑ ወደ አዲሱ ግቢ መኪና የሌለው ሰው በምን ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። ናትናኤል ጥያቄውን ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ሲያልቅ ወደኔ መጣ። ያለወትሮው ተጨንቆ ነበር።

«አንቲ፣ ያን ቀን አብረሽው ብትወርጂ ኖሮስ? መሬቱ አያመልጠንም ነበር?»

«ምናልባት ያመልጠን ነበር» አልኩት።

መሬት ግን ሌላም ይገኝ ነበር።