ድርቤ ከሰማይ ያየችው ድልድይ

ድርቤ ዋጋሪ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሽብሩ የሸዋ ሰው ነው፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር። በንጉሡ ዘመን ያ መንገድ በበጋ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። በክረምት ግን ስንት እንደሚፈጅ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም።

አንድ ሐምሌ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ያሉት እናቷ ታመው ወደቁ።

«በመኪና ከእኔ ጋር ከመጣሽ ላትደርሺባቸው ትችያለሽ» አላት ሽብሩ። «አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። በእሱ ሂጂ፤ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ።»

እሱ ገና ሳይነጋ ወጣ። እሷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከነቀምቴው የሳር አውሮፕላን ሜዳ ተነሣች። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ አባርቶ ነበር። ጥቂት እንደበረሩ ደመናው ተገለጠና ከባኮ አጠገብ ወንዙ ታያት፤ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖ ቀይ ሆኗል። መንገዱ እስከ ወንዙ ይመጣል፤ ከወዲያ ማዶም ይቀጥላል። መካከሉ ላይ ድልድዩ የለም።

አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ነጋዴ፣ ኦቦ ጨመዳን፣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ድልድዩ! ባሌ በዚህ ነው የሚመጣው!»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሾፌር ዓይን አለው» አሏት።

ጩኸቷን የሰማችው የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ለአብራሪው ነግራ ተመለሰች። «ነቀምቴ ሜዳ ላይ ሬዲዮ የለም። የሚሰማን አዲስ አበባ ብቻ ነው።»

አዲስ አበባ እንደወረደች መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ስልክ ቤት ነው። ሽቦው ግን ከድልድዩ ጋር ተበጥሶ ኖሯል። እናቷን ስማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ባልሽስ?» አሉ እናቷ።

«መንገድ ላይ ነው።»

ገና ቀትር ነበር። ሽብሩ ባኮ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። ሲጨላልም ተነሥታ ግቢው ውስጥ ቆመች፤ ጎረቤቶች መብራት ሲያበሩ ማየት ከበዳት፤ ባኮ የሚደርስበት ሰዓት ነበር።

ሽብሩ ከቀናት በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ።

«ባኮ ሳልደርስ ስሬ ጋ ጎማ ፈነዳብኝ» አለ። «ስጠግን ሾፌሩ አበጋዝ በመኪናው ከኋላዬ ደረሰ። ልርዳህ ሲለኝ፣ ሳይመሽብህ ሂድ አልኩት።» አበጋዝን ወንዙ ከነመኪናው ወስዶት ነበር።

እናቷ ተሻላቸውና ድርቤ ነቀምቴ ተመለሰች። የአበጋዝ ሚስት ማዘንጊያ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት መጥታ ተቀመጠች።

«የፈረሰውን ድልድይ ከላይ አይተሽዋል አሉኝ። ስንት ሰዓት ነበር?»

ድርቤ መዋሸት ፈልጋ ነበር። «ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር» አለች።



«በዚያን ሰዓት» አለች ማዘንጊያ፣ «አበጋዝ ገና እቤት ነበር። አንድ ቀን ልደር ሲለኝ፣ ዝናቡ አባርቷል ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ።»

ድርቤ እጇን ልትይዛት ብትዘረጋም፣ ማዘንጊያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሥታ ወጣች።