ከአያት ገርጂ ሁለቴ፦ የአንዲት ቦኮላ ጉዞ

ጠዋት፣ አያት

ከቤት ስወጣ ፀሐይ ገና ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ በላይ ብቅ ማለቷ ነበር። መንገዴ ረጅም አይደለም፤ ከአያት ተነስቼ ሃያ ሁለትንና ገርጂን ነክቼ መመለስ ነው። የያዝኩትም ጓዝ ከጠርሙስ ክዳን ትንሽ የምትሰፋ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ ናት። መካኒኮች ቦኮላ ይሏታል። በመኪና መሪ ዘንግና ዘንጉን በሚይዘው ቱቦ መካከል ትቀመጣለች፤ ሥራዋ ዘንጉ ሳይወላገድ እንዲዞር ማድረግ ነው። የእኛዋ ከውስጥም ከውጭም ዙሪያዋን ተበልታ ሳስታለች።

መኪናው የአባቴ ፒክአፕ ነው። አባቴ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከችግኝ ጣቢያ አበባና የጥላ ዛፍ እየጫነ ሲኤምሲ ላሉ ግቢዎች ያደርሳል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን አልነዳም። ኮብልስቶን ላይ ሲገባ መሪው እጁ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሱ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው እጁ መሰለው። አያቴም በስተርጅናቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነገሩን ከዘር የመጣ አድርጎ ተቀበለው። ማንንም ሳያማክር መኪናውን አቆመና ደላላ ጠራ።

ትናንት አመሻሹ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳብኩት። ቋ፣ ቋ አለ። የመኪና ጥገና ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ስልኬ ላይ እያየሁና እየፈታሁ ነው። መሪውን ከማውለቄ በፊት እሱም ላይ ዘንጉም ላይ አንድ አንድ ነጭ የቀለም ምልክት አደረግኩ፤ ሲመለስ በነበረበት እንዲገጥም ነው። ከዚያ ቦኮላዋን አወጣኋት። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ለአባቴ አሳየሁት።

«አባዬ፣ እጅህ አይደለም። ይኸው፣ ተበልታለች።»

ቀለበቷን አልተቀበለኝም። «ልታጽናናኝ ነው ናሆም።»

«ማታ እስክመለስ ጠብቀኝ።»

«ደላላው ገዢውን ይዞ የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው። በል እንካ ቁልፉን፣ አንተ ታሳየዋለህ። እኔ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም።»

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

ባቡር ላይ

አያት ላይ መሳፈር አንድ ጥቅም አለው፤ መነሻው ስለሆነ መቀመጫ ይገኛል። በመስኮቱ ስመለከት የሲኤምሲ ቪላዎች ቦገንቪላቸውን በአጥር ላይ አፍስሰው ያልፋሉ። አባቴ የተከላቸው ዛፎች ያሉበትን ግቢ አውቀዋለሁ፤ ከአጥሩ አልፈው አድገዋል። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞላ።

መሐረቡን ፈትቼ ቀለበቷን ሳገላብጥ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት አዩኝ።

«ልታገባ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ የመኪና ዕቃ ነው።»

«እሱም ጥሩ ነው» አሉ፣ አሰብ አድርገው። «መኪና ያለው ሚስት አያጣም።»

ረፋድ፣ ሃያ ሁለት

ቁርሴን ሃያ ሁለት በላሁ። ፉሉ ቃሪያና ዘይት አልተሰሰተበትም፤ ዳቦውም ትኩስ ነበር። መንገዱ ከሰፋ ወዲህ እኔ የማውቃቸው የመለዋወጫ ሱቆች ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ አንዱን ከአንድ ሆቴል ጀርባ ጠይቄ አገኘሁት። ባለቤቷ እትዬ ለተብርሃን ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ፍሬን ሸራ ይቆጥራሉ። ቀለበቷን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሷት።

«ናሙና ይዘህ በመምጣትህ ደግ አደረግክ» አሉኝ። «ስንቱ በአፉ ሊያስረዳኝ ይመጣል መሰለህ። ባለፈው አንዱ ‹ያቺን ክብ ነገር ስጪኝ› አለኝ። መኪና ላይ ክብ ያልሆነ ምን አለ?»

ቦኮላዋ ለብቻዋ አትሸጥም፤ የምትመጣው ከነሙሉ ዘንጓ ነው። ያገለገለ አንድ ዘንግ አሳዩኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ መሐረቤን ማጠፍ ጀመርኩ።

«አትቸኩል» አሉ እየሳቁ። «ገርጂ ሂድ፣ ጋሽ በየነ ቶርኖ ቤት። ናሙናዋን ካየ ቁርጥ እሷን አስመስሎ ያወጣልሃል።»

ከቀትር በፊት፣ ገርጂ

በቦሌ በኩል በሁለት ታክሲ ተሻገርኩ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ መስታወት የለበሱት ሕንፃዎች ፀሐይዋን እርስ በርስ ይቀባበሏታል፤ ካፌዎቹ በዚያ ሰዓትም ሞልተዋል። ገርጂ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል፤ የብየዳ ብልጭታ፣ የብረት በር የተደረደረበት ግድግዳ፣ የተፈታ ሞተር። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል።

ጋሽ በየነ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው ብረትና ናይለን በማሽን እያሽከረከሩ መቅረጽ ነው። ናሙናዋን በካሊፐር፣ በመቆንጠጫ መለኪያቸው፣ ለኩ።

«እንዳለ ላውጣት?»

«እንዳለ» አልኳቸው።

ነጭ የናይለን ዘንግ ማሽኑ ላይ አሰሩ። ስለቱ ሲነካው ረጅም ነጭ ክር እየተጠቀለለ ወረደ፤ ወለሉ ላይ እንደ ተላጠ የብርቱካን ልጣጭ ተከመረ። ቆሜ ማየት ደስ አለኝ። እሳቸው ሲጨርሱ እኔም የራሴን ካሊፐር አውጥቼ ለካሁ፤ ውስጧን፣ ውጭዋን፣ ቁመቷን። ከናሙናዋ ንቅንቅ አትልም።

«አላመንከኝም?» አሉ።

«አምኛለሁ። መለካት ስለምወድ ነው።»

«እንግዲያስ ለካ። መንታ ናቸው።»

ከሰዓት፣ አያት

አዲሷ ቦኮላ ያለ መዶሻ፣ በአውራ ጣቴ ግፊት ብቻ ገባች። እንዲያ በቀላሉ መግባቷ አስደስቶኝ ነበር። መሪውን መልሼ ስገጥም አባቴ ከፎቅ ወርዶ ከጥበቃው ጋሽ ደምሴ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዳዶውን አጥብቄ መሪውን ወደ ላይ ሳብኩ።

ቋ።

ወደ ታች ገፋሁት። ቋ።

ጋሽ ደምሴ ዝም አላሉም። «ቢጫ ጀሪካን ቆርጠህ ጠቅልልበት። የስንቱን መኪና እንዲያ አድርገው ሲያስነሱት አይቻለሁ።»

አባቴ ግን ሁለት እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «ተወው ናሆም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደክመሃል። ና ምሳህን ብላ።»

አልተነሳሁም። መሪውንም ቦኮላዋንም መልሼ አወጣሁና አሮጌዋንና አዲሷን ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መንታ ናቸው፣ ጋሽ በየነ እንዳሉት። ያኔ ገባኝ። እዚህ ከተማ ዕቃ ስትፈልግ ሁሉም የሚልህ ‹ናሙና አምጣ› ነው፤ እኔም አመጣሁ፣ እሳቸውም ናሙናዋን አስመስለው ሠሩ። ናሙናዋ ግን ያለቀች ነበረች። አዲሷ ቦኮላ ገና ስትወለድ አርጅታለች።

ካሊፐሬን ይዤ ተመለስኩ። አሁን የለካሁት ቦኮላዋን ሳይሆን መቀመጫዋን ነው፤ የዘንጉን ውፍረትና የቱቦውን ውስጥ። ከቦኮላዋ ልክ ጋር ሳስተያየው ትርፍ ክፍተቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ነበር። የመቀመጫዋን ልክ ግራ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

«አባዬ፣ አንዴ ደግሜ ደርሼ ልምጣ።»

«ይመሽብሃል።»

«ጋሽ በየነ ሳይዘጉ እደርሳለሁ።»

ወደ ላይ ግን አልወጣም፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ጉዞ

በዚህኛው በሰሚት በኩል ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ሚኒባሷ አንድ እርምጃ ትሄድና ታርፋለች። ቀለሙ በላብ እንዳይጠፋ መዳፌን ዘርግቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ። ጋሽ በየነ ካፖርታቸውን አውልቀው እጃቸውን ሲታጠቡ ደረስኩ።

«ምነው፣ ሰበርካት እንዴ?»

«አልሰበርኳትም። እርስዎ ያመጣሁልዎትን ነው የሠሩት። እኔ ያመጣሁልዎት ግን ያለቀ ነው።»

መዳፌን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ሁለቱን ቀለበቶች አዩ፣ እንደገና መዳፌን አዩ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው እስኪናጥ ድረስ ሳቁ።

«ዕድሜዬን በሙሉ ናሙና አምጡ ስል ኖርኩ» አሉ። «ስንት ያለቀ ዕቃ አባዝቼ ልኬ ይሆን።»

«አልሆነም ብሎ የተመለሰ የለም?»

«ማን ይመለሳል? መኪናው አርጅቷል ብለው ይሸጡታል።»

አባቴ ትዝ አለኝ። ጋሽ በየነ ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ። የውጭ ልኳን ከጻፍኩት በፀጉር ያህል አስበልጠው ሠሯት። «በእጅህ ከገባች መልሳት» አሉኝ። «እንጨት ደግፈህ፣ በመዶሻ ቀስ እያልክ ስትመታት ነው መግባት ያለባት።»

ማምሻ፣ አያት

አባቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ቆሎ አካፍለውታል። ቦኮላዋ በእጅ እምቢ አለች። እንጨት ደገፍኩና በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታኋት፤ ገብታ ቦታዋን ያዘች። ትንሽ ግራሶ ቀባሁ፣ ሁለቱን ነጭ ምልክቶች አጋጥሜ መሪውን ገጠምኩ። ራሴ ከመሳቤ በፊት ወረድኩና በሩን ከፍቼ ቆምኩ።

«አንተ ሳበው አባዬ።»

ተነስቶ መጣ። እጆቹን ከኪሱ አወጣ። መሪውን ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ገፋ፣ እንደገና ሳበ። ድምፅ የለም። ጋሽ ደምሴ ቆሎ መቆርጠማቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ቁልፉ የት አለ?» አለ አባቴ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁትና ዞሬ ጎኑ ተቀመጥኩ።

ከግቢ ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ወደ ኮብልስቶኑ ታጠፈ። ሆን ብሎ ነው። ፒክአፑ ድንጋዩ ላይ ተንገጫገጨ፣ የኋላው ቆርቆሮ ጮኸ፣ መሪው ግን እጁ ውስጥ እርግት እንዳለ ነበር። መንገዱን እስከ ጫፍ ሄደ፣ ዞረ፣ እንደገና መጣበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሲኤምሲ ያቀናው። ፍጥነቱን ሳይጨምር ነዳ።

ሲኤምሲ ከመንገዱ ዳር ሻይ አዘዝን። ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ በትንሹ ተንቀጠቀጠ። ማየቴን አየ።

«ሻዩ ይፋጃል» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። የእኔም ይፋጅ ነበር።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ለደላላው ደወለ። «ነገ እንዳትለፋ» አለው። «መኪናው ሥራ አለው፤ ችግኝ እንጭናለን።»

ቤት

ከጉዞው ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ የጎደለውን ለማወቅ ያለቀውን ዕቃ ሳይሆን መቀመጫውን መለካት። ሁለቱን ቀለበቶች፣ ያለቀችውንና አርጅታ የተወለደችውን፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

ግቢ ስንደርስ አባቴ ፒክአፑን በሁለት መኪኖች መካከል በአንድ ጊዜ አስገብቶ አቆመ። ጎማዎቹ ቀጥ ብለዋል፤ መሪውም አልተጣመመም። ሞተሩን አጠፋ። ጠዋት እንደሰጠኝ አሁንም የሚሰጠኝ መስሎኝ ለቁልፉ እጄን ዘረጋሁ።

ቁልፉን አየው፣ እጄን አየ። ከዚያ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተውና በሩን ዘግቶ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።