ጎራዴ ስወለውል አልናገርም

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምቀመጥበት ሻይ ቤት አስተናጋጇ ብርጭቆውን ፊቴ ስታስቀምጥ፣ መጀመሪያ የሚደርሰኝ የቅርንፉዱ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቅርንፉድ ሲሸተው ሻይ ያምረዋል። እኔን ጎራዴ ነው ትዝ የሚለኝ። አትሳቅ። የጃፓን ጎራዴ የሚቀባው ዘይት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ይህን ደግሞ ከዚህ ከሜሪላንድ እስከ ወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ድረስ ካለው አበሻ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጸጉሬም ሙሉ ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ አጠገብ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና አቆም ነበር። ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ በኩል የምትወጣው ፀሐይ መስኮቱን ስትመታው፣ ከውስጥ አንድ ቆልመም ያለ ብረት እንደ ዓሣ ሆድ ብልጭ ይላል። ያን ብልጭታ ሳየው ከርሜ ላይብረሪ ገባሁ። ስለ ጃፓን ጎራዴ የተጻፈ መጽሐፍ አወጣሁና መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከዚያ ሱቁ ገብቼ ባለቤቱን «ገልብጠህ ነው ያስቀመጥከው። ስለቱ ወደ ላይ ነው መሆን ያለበት» አልኩት።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «ማን አስተማረህ?»

«ራሴ።»

ከእኔ ሌላ ለዚያ ጎራዴ የሚገባ ሰው እንደማይመጣ ስለገባው፣ ቀስ እያልኩ ከፍዬ እንድወስደው ፈቀደ። በአንሶላ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ላንግሊ ፓርክ ይዤው ገባሁ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ላንግሊ ፓርክ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ከአንድ ባለታክሲ ጋር እኖር ነበር። ሩምሜቴ ጨዋታ ያውቃል፤ ክፋቱ ግን ጨዋታው ሁሉ በእኔ ላይ ነው። አንድ ቀን እጀታውን ሳወልቅ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ዝገት ያለበትን ጭራ አይቶ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዞልኝ መጣ። ከእጁ ቀምቼ ጣልኩት። ያ ዝገት አይነካም። የጎራዴው ዕድሜ የሚታወቀው በእሱ ነው። «ያ ዝገት መታወቂያው ነው» አልኩት። «እንግዲያው አንተም ካልሲህን የማታጥበው ለመታወቂያ ነው» አለኝ።

መቁረጡንም ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ውሃ ውስጥ ያደረ ሰሌን ጠቅልዬ ከሕንፃው ጀርባ አቆምኩና በአንድ ምት ለሁለት ከፈልኩት። እንደ ሽንኩርት ነው የሄደው። ልብስ የምታሰጣ አንዲት ጎረቤታችን አማተበችና እርጥቡን ልብሷን ሰብስባ ገባች። እኔ አድናቆት ነው ብዬ እጅ ነሳሁ።

ከመቁረጡ ይልቅ ጥበብ ያለው ግን አያያዙ ላይ ነው። አሮጌውን ዘይት በለስላሳ ወረቀት ትጠርጋለህ። በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ከላይ እስከ ታች ጠብ ጠብ ታደርግበታለህ። ዱቄቱን ትጠርግና አዲስ ዘይት በስሱ ትቀባለህ። የጃፓኖቹን ዘይት ከየት አመጣለሁ? የስፌት መኪና ዘይት ገዝቼ ቅርንፉድ ጨመርኩበትና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፤ ቤቱ በሙሉ ሻይ ሻይ ይል ጀመር። አንድ ሕግ ብቻ ከበደኝ። የሰው ትንፋሽና ምራቅ ለዚያ ብረት ጠላቱ ነው። ስለዚህ ጎራዴው ራቁቱን እስካለ ድረስ አይወራም። የታጠፈ ወረቀት በከንፈር ተይዞ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ ወሬ የምችል ሰው ነበርኩ። አሁንም እችላለሁ።

«ይሄ ጎራዴ ዝገት አይደለም የሚፈራው፤ ያንተን ምላስ ነው» ይለኝ ነበር ሩምሜቴ።

በዚያው ሰሞን ነው ልጅቷን የወደድኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ላውንደሪ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እሷም ወዳኛለች። ነገሩን የያዙት ታላቅ እህቷ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓት፣ ከእኔ በፊት ሊያገባት የጠየቀን ሰው «ወሬ ያበዛል» ብለው የመለሱ ሴት ናቸው። እኔንም አንድ ሰርግ ላይ ሳወራ ሰምተውኛል። ስሜን አይጠሩም፤ «ያ ለፍላፊ» ነው የሚሉኝ።

አንድ ዓርብ ልጅቷ ደወለችልኝ።

«ነገ እህቴን ይዣት እመጣለሁ። ካንተ ጋር ቁጭ ብላ ልታይህ ነው። አደራህን ስለ ራስህ እንዳታወራ።»

«ታዲያ ስለ ማን ላውራ?»

«ስለ ማንም! እሷ እምቢ ካለች ጥያት አልመጣም። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ገባህ?»

ገባኝ። ግን እኔን የመሰለ ሰው እንዴት ሳይነገርለት ይቀራል? ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ አደርኩ። በማግስቱ ደግሞ ዓይናቸው መጀመሪያ ጎራዴው ላይ እንዲያርፍ ልወለውለው ተቀመጥኩ። እጀታውን አወለቅሁ፣ ዘይቱን ጠረግሁ፣ ወረቀቴን ነከስኩ። በሩ ሲንኳኳ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነበር።

ሩምሜቴ ከፈተ። ታላቅ እህቷ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው አዩኝ፤ ከኋላቸው ልጅቷ ዓይኗ ፈጧል። በአንድ እጄ ራቁቱን ጎራዴ በጨርቅ ይዣለሁ፣ በሌላው ዘይት፣ ወረቀቱ አፌ ውስጥ። ብድግ ስል እጀታውን የሚይዘው የቀርከሃ ችንካር ከጭኔ ላይ ወድቆ ሶፋው ሥር ተንከባለለ። ያ ችንካር ሳይገኝ ሥራው አያልቅም፤ ሥራው ሳያልቅ ደግሞ አፌ አይከፈትም። ሕግ ሕግ ነው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ሰላምታም የለም?» አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ሲሠራ አይናገርም» አለ ሩምሜቴ በሆዱ ተኝቶ ሶፋው ሥር እየዳበሰ። «እኔም ገርሞኛል።»

ተቀመጡ። ብረቱን ከጫፍ እስከ ሥር ሲያዩት ቆዩ። እኔ ዘይቱን በስሱ እየቀባሁ ነው። የሚሰማው የጨርቁ መፋተግና የሩምሜቴ ማቃሰት ብቻ ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፓርኪንግ ነው እትዬ፤ ግን ማኔጀር ሊያደርጉት…» አለ ሩምሜቴ ከሶፋው ሥር።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

በአገጬ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አመለከትኩ።

«ትጠጣለህ?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷን ትወዳታለህ?» አሉኝ።

ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ላብ አጥምቆኝ ስለነበር ግንባሬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ፤ እጄ ላይ የነበረው የቅርንፉድ ዘይት ዓይኔ ገባ። እንዴት እንደሚያቃጥል ልነግርህ አልችልም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷን አየኋት፣ ራሴን አንዴ በአዎንታ ነቀነቅሁ፣ ከዚያ ፊቴን ከብረቱ ላይ አዞርኩ፤ እንባም ያዝገዋልና።

«አገኘሁት!» አለ ሩምሜቴ ከሶፋው ሥር።

ታላቅ እህቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እንዲህ ያለ ጭምት ልጅ እዚህ አገር አለ?» አሏት። «ሰው ስሙን አጥፍቶበት ነው።» ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰርጋችን ላይ ማይክሮፎን ያዝኩ። ምን ያህል እንዳወራሁ አላውቅም፤ ምግቡ ግን ሁለቴ መሞቅ ነበረበት። ታላቅ እህቷ ሩምሜቴን ጠርተው «ያን ቀን ያየሁት ልጅ የት አለ?» አሉት። «እትዬ፣ እሱ የሚገኘው ወረቀት ሲነክስ ብቻ ነው» አላቸው። እስካሁን ሲያገኙኝ «አታለልከኝ» ይሉኛል። እንባውን ግን እውነት ነው ብለው ያምናሉ። እኔም አልከራከራቸውም።

ባለቤቴ ነገሩ ቶሎ ገባት። ጎራዴውን ከአፎቱ ሳወጣ ስትሰማ ከየትም ክፍል ትመጣለች፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ያ ሰዓት የሷ ነበር። አክስቷን በስልክ እንዳስቀየምኳት፣ ከላንግሊ ፓርክ ወጥተን አስፐን ሂል ቤት መፈለግ እንዳለብን፣ ሁሉን የነገረችኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ ያረገዘች ጊዜም እንዲሁ ነገረችኝ፤ ወረቀቱን ልውጠው ነበር። አፌን ልከፍት ስል ጣቷን አነሳች። «እንዳታወጣው! ብረቱ ይዝጋል።» ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በሜሪላንድ እንደ እኔ ሚስቱን የሚያዳምጥ ባል አልነበረም፤ ይህንንም ማንም አላስተማረኝም።

ባለፈው መጸው፣ ታማ አልጋ ላይ ሆና «ዛሬ አትወለውለውም?» አለችኝ።

«በቀደም ነው የወለወልኩት። ዘይት ሲበዛም ጥሩ አይደለም» አልኳት።

«ወልውለው።»

ይዤው መጣሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ወረቀቱን ነከስኩ። ብዙ አወራችኝ፤ እየደከማት፣ እያረፈች። ያን ቀን ዓይኔ ውስጥ የገባ ዘይት አልነበረም። እኔ ሁሉን የማወራ ሰው፣ ያን ቀን ያለችኝን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተም አልነግርህም።

መጽሐፉ በየጥቂት ወሩ ይበቃል ይላል። እኔ አሁን በየቅዳሜው እወለውለዋለሁ። ባዶ ወንበሯን ፊት ለፊቴ አደርጋለሁ፤ ዘይቱን ስከፍት ቤቱ ሻይ ሻይ ይላል። ሥራው ካለቀ በኋላም፣ ብረቱ አፎቱ ከገባም በኋላ፣ ወረቀቱን ቶሎ አላወጣውም። ተራው የሷ ነው።