የሁዳዴ ቀማሽ

ያስገቡኝ እህል የሌለበት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የከረመ ገብስና የአይጥ ሽታ መጣብኝ፤ ቀጥሎ የሰው። ዐሥራ ሰባት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ያየኛል። «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ገባሁ፣ ድግስ የተጠራሁ ይመስል።

ሌሎቹ በቁም ነገር ታስረው ነበር፤ እኔን ያሳሰረኝ ቀልድ ነው። እድር ላይ ስለ ማዳበሪያና ስለ ባለሥልጣን አንድ ነገር ጣል አደረግሁ፣ ሰው ሳቀ፣ በማግስቱ መካነ ሰላም ገበያ መሐል ያዙኝ። ቀልዱን አሁን አልደግመውም። ያን ያህልም አያስቅም ነበር።

እቤት ሚስቴንና የዐሥር ወር ልጄን ትቻለሁ። በስድሳ አራት ዓመቴ የወለድኳት ናት። አጠገቤ የሚተኛው የወረኢሉ በግ ነጋዴ ይህን ሲሰማ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ አሁን ገና ገባኝ ለምን እንዳሰሩህ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ስንቅ ተከለከልኩ። ሲፈቀድልኝ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ስንቅ የሚያመጣ ሰው ዋናው በር ላይ፣ ጠባቂው እያየ፣ ካመጣው መቅመስ አለበት፤ መርዝ እንዳይሆን ነው። ስንቅ የሚገባው ረፋድ ላይ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል በአፏ አይዞርም። ጠባቂው ዳቦዬን ይዞ እየተነጫነጨ መጣ።

«ሚስትዎ አልቀምስም አለች፣ አባባ። ጾመኛ ነኝ ትላለች።»

«ታዲያ ማን ቀመሰ?»

«ልጅቱ። እሷ ጾም የለባትም አለችኝ።»

ዳቦውን አገላበጥኩት። ጠርዙ ላይ ሁለት ትናንሽ ጭረቶች አሉ። ስለያት ድድ ብቻ ነበረች።

«ጥርስ አወጣች!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ የተፈታሁ መስሎት ተነሣ። በግ ነጋዴው ዳቦውን ተቀብሎኝ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋው። ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲገዛ አፍ ከፍቶ ጥርስ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። «የታቾቹ ናቸው፣ ሁለት» አለ። «ወላሂ፣ ደህና ናት።»

ከዚያ ወዲያ ዳቦ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚመረምረው እሱ ሆነ። የላዮቹም መጡ፤ ንክሻው እየጠለቀ፣ እየደፈረ ሄደ። በዚያው ሰሞን እኔ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሁለት የፊት ጥርሶቼን ትቼ ተመለስኩ። «እሷ አራት አበቀለች፣ አንተ ሁለት አራገፍክ። እንደ አያያዝህ ለፋሲካ ታስከነዳሃለች» አለኝ፣ ደሜን በጋቢው ጫፍ እየጠረገልኝ።

ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ቀን ዳቦው ሙሉውን ገባ። ነጋዴው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዞረውና ንክሻ አጣበት። ፈራሁ። ከተማው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል ሲባል ሰምተን ነበር።

«አብሽር፣ ጠግባ ይሆናል» አለ ዳቦውን እየመለሰልኝ።

እስከዚያ ቀን ጠባቂውን ምንም ለምኜው አላውቅም። ተነሥቼ በሩን መታሁ።

«ልጄ፣ ዛሬ ልጅቱ አልመጣችም እንዴ?»

«መጥታለች።»

«ታማለች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ዳቦውን ማን ቀመሰው?»

«ማንም አልቀመሰውም።» መሬት መሬት ያያል። «እናቷ ስንቁን ልትፈታ ከጀርባዋ አወረደቻት። በሩን ይዛ ቆመች። እኔም ሳላስበው ‹ወፌ ቆመች› አልኳት። ከዚያ በሩን ለቀቀችና ተራመደች። የመጀመሪያዋ ነው አሉ፤ እናትየው እልል አለች። ‹ቅመሺ› ማለቱን ረሳሁት።»

«ስንት እርምጃ?»

«ሦስት።»

«ወደ ማን?»

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ወደ እኔ» አለ። «ልትወድቅ ስትል ያዝኳት።»

ጋቢዬን አስተካክዬ ለበስኩና ጎንበስ ብዬ፣ «ስለያዝክልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ዳቦውን ቆርሼ ግማሹን ዘረጋሁለት። «በኛ ቤት ልጅ በእግሯ ስትሄድ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ጾመኛ ከሆንክ ለዘጠኝ ሰዓት አቆየው።»

ተቀበለኝ። በአንድ እጁ ዳቦውን እንደያዘ በሌላው በሩን ዘጋብኝ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።

የተፈታሁት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ልጄ ሮጣ ተቀበለችኝ ብል ደስ ባለኝ። መሮጡንስ ሮጣለች፤ ከኔ ሸሽታ ወደ እናቷ ቀሚስ።

ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ አብረን ስንሄድ ቀድማ ሄዳ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያ ጠባቂ ጠመንጃውን ትቶ ሚኒባስ ይነዳል። ገበያ ስሄድ ካገኘሁት ጋቢና እገባና፣ «እስቲ ያችን ቀን ንገረኝ» እለዋለሁ። ሚስቴ ያየቻት ከኋላ ነው፤ ስትራመድ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ትስቅ ነበር» ይለኛል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። እርምጃዎቹ ያኔ ሦስት ነበሩ፤ ባለፈው ሲነግረኝ ሰባት ደርሰዋል።

አላረምኩትም።