ለኅዳር ጽዮን የተሳለ ጥላ

ክረምት በፒያሳ የጃንጥላ ጠጋኙ የካሕሳይ ወቅት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከእንጦጦ ወርዶ አራዳን ሲገርፍ፣ ሽቦው የታጠፈበት፣ ጨርቁ የተቀደደበት፣ ሞላው የተፈናጠረበት ሁሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወዳለው የድንጋይ ደረጃ ይመጣል። ካሕሳይ ፒንሳውን በጥርሱ ነክሶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከሥር ወደ ሰማይ ያየዋል። ደንበኛውንም የሚያስታውሰው በጃንጥላው እንጂ በፊቱ አይደለም፤ "ባለ ጥቁሩ መምህር"፣ "ባለ አበባዋ ወይዘሮ" ይላቸዋል። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ዝናቡም ደንበኛውም ተያይዘው ይጠፋሉ። ኅዳር ሲገባ ካሕሳይ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሲቆጥር ይውላል።

"ጋሽ ካሕሳይ፣ ዝናቡ የት ገባ?" ይሉታል የአራዳ ልጆች።

"አዲግራት ሄዷል፣ ዘመድ ሊጠይቅ።"

የራሱም አገር አዲግራት ነው። አዲስ አበባ ከመጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ይሁን እንጂ ከተማውን ያውቃል ለማለት ያስቸግራል፤ ከዶሮ ማነቂያ ቤቱ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ጊዮርጊስን ተሳልሞ ወደ ቤቱ፣ በቃ ይኸው ነው።

በዚያ ቤት ቁምሳጥን አናት ላይ በነጭ ልባስ የተጠቀለለ አንድ ጥላ ነበር። ሚስቱ ብርኽቲ አሥር ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆይታ፣ "እመቤቴ፣ ልጅ ብትሰጪኝ ባሌ በእጁ የሰፋውን ጥላ ይዞ በእግሩ አክሱም ጽዮን ይመጣልሻል" ብላ ተሳለች። ካሕሳይ የሰማው ከተሳለች በኋላ ነው። "አፉ ያንቺ፣ እግሩ የእኔ!" ብሎ ሳቀ። ልጅቱ ተወለደች፤ ለተጽዮን አሏት። እሱም ቀይ ከፋይ ገዝቶ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አድርጎ፣ በሕይወቱ ካበጃቸው ሁሉ የበለጠውን ጥላ ሠራ። ጥላው ባለቀበት ዓመት ግን ሰሜን በጦርነት ተዘጋ። በመኪና ለመሄድ እንኳ ስንት ወረቀት ይጠየቅ ነበር፤ በእግር እሄዳለሁ የሚል ሰው ማን አምኖ ያሳልፈዋል?

ሦስት ዓመት አለፈ። ኅዳር ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር ብርኽቲ ቁምሳጥኑን አንጋጣ እያየች እህል ሳትቀምስ ትውላለች። "ልጁን ተቀብለን ስለቱን በላን" ትላለች።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደገብርኤል መጡና ነገሩን ሰሙ።

"ለመሆኑ አክሱም በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ከዚህ? ከወር ያልፋል አባ።"

"መንገደኛው ንግሥ ሲያጋጥመው ሳይሳለም ያልፋል?"

"ምን ሲደረግ!"

"እንግዲያው አንተም ከዚሁ ጀምር። ኅዳር ስድስት ቁስቋም፣ አሥራ ሁለት የካ ሚካኤል፣ ሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም። አውቶቡስ የለም፣ ታክሲ የለም። ጥላው አብሮህ ይሂድ፤ በጽዮን ዕለት ለእመቤታችን ታገባዋለህ።"

ብርኽቲ ጥቂት አሰበችና መርፌ አነሣች። የልባሱን አፍ በአረንጓዴ ክር ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። "የጽዮን ዕለት ካህን ይፍታው። ከዚያ በፊት ፀሐይ እንዳያየው!" ብላ አስጠነቀቀችው።

ኅዳር ስድስት ማለዳ ካሕሳይ ጥላውን ታቅፎ፣ ፒንሳውን እንደ ልማዱ ኪሱ ከቶ ወጣ። በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎን ሲያልፍ እግሩ የማያውቀው አገር ገባ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ በነጠላ ነጥቷል። የጽጌ ጾም ማለቂያ ነውና የሕዝቡ ፊት ሁሉ ይስቃል። ሸንኮራ የሚሸጠው፣ ቆሎ የምትሰፍረው፣ ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዘለው፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንዲት ባልቴት አስቁመው፣ "የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?" አሉት።

"ከፒያሳ ነኝ እናቴ።"

"ታዲያ ከፒያሳ ሆነህ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"ደረጃ ላይ" አለ ካሕሳይ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃው አላስቀምጥ አለው። ማታ ማታ ለብርኽቲ ያየውን እየዘፈነ፣ ጭፈራውንም እየሞከረ ያወራላት ጀመር። ለተጽዮን በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ኅዳር አሥራ ሁለት አዲስ አበባ እንደ ልማዷ ታጠነች። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይነድዳል፤ ጢሱ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ ጊዮርጊስን ጋርዶታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዘገዬ ኮፍያውን ደፍቶ በጢሱ መካከል ይንጎራደዳል።

"ጓድ ካሕሳይ! የጽዳት ዘመቻ ላይ ነን፣ ወዴት ነው? ደሞ በኅዳር ጃንጥላ?"

"የእኔ ደጅ ነድዶ አልቋል ጓድ። ሥራ አለብኝ፣ የካ።"

"የካ ዝናብ አለ?"

"ሊኖር ይችላል።"

ዘገዬ ከት ብሎ ሳቀና አሳለፈው። ካሕሳይ ቀበናን ተሻግሮ፣ ሾላን አልፎ የካ ሚካኤል ሲደርስ ግቢው ጠጠር መጣያ የለውም። ታቦቱ ሊወጣ ነው። ደወሉ ተደወለ፣ እልልታው ቀለጠ። ካህኑ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው ብቅ ሲሉ ከየካ ተራራ የወረደ ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ጥላ ገለበጠው።

"ጥላ! ጥላ አምጡ!" አለ ዲያቆኑ።

ካሕሳይ ሕዝቡን እየሰነጠቀ ሮጠ። ፒንሳውን አውጥቶ አንዱን ሽቦ ሲያቃና ሌላው ከሥሩ ተሰበረ። ነገሩ በደረጃው ላይ ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ታቦቱ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ካሕሳይ ብብቱ ሥር ያለውን ጥላ አየ፤ አረንጓዴውን ክርም አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና በፒንሳው በጠሰው።

ቀዩ ከፋይ ተዘረጋ። የወርቁ ዘርፍ በየካ ፀሐይ ሲንቦገቦግ እልልታው እንደገና ፈነዳ። ካሕሳይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላን ከሥር ሳይሆን ከሩቅ ቆሞ አየ። ዕንባው መጣ። ዕንባውን ሲጠርግ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነጠላ እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው አየ፤ ኮፍያውን ብብቱ ሥር ደብቋል።

"አንተ እኔን አላየኸኝም" አለው ጓድ ዘገዬ በሹክሹክታ።

"እኔ ከጃንጥላ በቀር የማየው የለኝም ጓድ።"

ዑደቱ ሲያበቃ ጥላው ተመለሰለት። ልባሱን ራሱ መልሶ ሰፋው። የእሱ ስፌት የጃንጥላ ስፌት ነው፣ ሰፋ ሰፋ ያለ፤ የብርኽቲ ግን የጥልፍ ያህል ደቃቅ ነው። ክሩም በአራዳ ቢፈለግ ያ አረንጓዴ አልተገኘም። ቤት ገብቶ ቁምሳጥኑ ላይ በቀስታ አኖረውና ስለ ሸንኮራ ማውራት ጀመረ። ገና ሳይጨርስ የዘገዬ ሚስት ዘርፌ ከደጅ ተጣራች።

"ብርኽቲ! እሰይ እሰይ! ባልሽ በሚካኤል ላይ የዘረጋው ጥላ እንዴት ያምራል! የካ ስለሱ ሲያወራ ዋለ እኮ!"

ብርኽቲ ሲከፋት ትግርኛዋ ይቀድማታል። "ኣንታ ካሕሳይ!" አለች። ጥላውን አውርዳ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ታቦት ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እኔ ጃንጥላ ጠጋኙ ጥላ ታቅፌ ልቁም?" አለ ካሕሳይ።

"የጽዮን ነዋ! ለሌላ የተዘረጋውን ምን ብለን እንሰጣታለን? ብትመልስብንስ?"

ስምንት ቀን ሙሉ ብርኽቲ በአጭሩ እንጂ በረጅሙ አላነጋገረችውም። በሃያ ማታ ግን፣ "ነገ እኔም እሄዳለሁ። የተሳልኩት እኔ ነኝ፣ የምጠይቀውም እኔ ነኝ" አለች።

በማግሥቱ ለተጽዮን በአባቷ ትከሻ፣ ጥላው በእናቷ ክንድ ሆነው የእንጦጦን ዳገት ወጡት። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ወደ ታች ሲወርዱ፣ "ማርያምን ሳሙልን! ለእኛም ጸልዩ!" ይሏቸዋል። ካሕሳይ ይመልሳል፤ ብርኽቲ ግን ጥላውን አጥብቃ ታቅፋ ትወጣለች።

ደጀ ሰላሙ አጠገብ ስጦታ የሚቀበሉት ቄሰ ገበዝ ቆመዋል። ብርኽቲ ጥላውን ሳትሰጣቸው ወድቃ ተሳለመች።

"አባቴ፣ ይህ ጥላ የጽዮን ስለት ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ተፈትቷል። የካ ላይ ለሚካኤል ተዘርግቷል። ይቀበሉኛል ወይስ ይመልሱኛል?"

ሽማግሌው ጥላውን ትተው ካሕሳይን አዩት። "ከወዴት ናችሁ?"

"ከአራዳ፣ አባቴ። በእግር፣ ንግሡን ሁሉ እየተሳለምኩ።"

"ኅዳር ስድስት የት ነበርክ?"

"ቁስቋም።"

ቄሰ ገበዙ ፂማቸውን ዳሰሱ። "እኔ ልጅ ሆኜ አክሱም በእግሬ ሄጃለሁ። መንገድ ላይ ያጋጠመኝ ንግሥ ሁሉ ሥራ ሰጥቶኛል፤ አንዱ ጋ ውኃ ቀድቻለሁ፣ አንዱ ጋ ከበሮ ተሸክሜያለሁ። ስደርስ እመቤታችን 'ጉልበትህን ለሌላ ጨርሰህ መጣህብኝ' ብላ አልመለሰችኝም። በይ አምጪ ልጄ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው።"

ክሩንም ራሳቸው ፈቱት። ጥቂት ቆይቶ ቀዩ ከፋይ በእንጦጦ ሰማይ ላይ ተዘረጋ፤ ዘርፉም በነፋሱ ተወዛወዘ። ለተጽዮን ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ፣ "የእኛ ጃንጥላ!" ብላ ጮኸች። ዙሪያው የነበረው ሕዝብ ሳቀ፣ እልልም አለ። ካሕሳይ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠራቸው፤ አንዱም አልተንቀጠቀጠም።

ሲመለሱ ብርኽቲ ከሽሮ ሜዳ ረጅም ሸንኮራ አስቆረጠች። በሦስት ዓመት ውስጥ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን አፏ ሲቀምስ ካሕሳይ ያየው ያን ዕለት ነው። እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ እየላጠች፣ እየመጠጠች፣ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ ሄደች።

"ስሚ፣ በታኅሣሥ ሦስት በዓታ ነው" አላት።

"ቅርብ ነዋ፣ አራት ኪሎ!"

"በቁስቋም ዞረን እንሄዳለን" አለ ካሕሳይ፤ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፒንሳም ነካ አደረጋት።