የአሰቡ ዛጎል ቆጣሪ

ከመንግሥት ለውጡ በፊት የምሠራው አሰብ ነበር። ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት ባሕሩን በክሎት፣ በዳርቻው ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ዛጎሎች አልቀው ነበር። ባሕሩ ማገገሙን ለማወቅ በየወሩ እየወረድኩ የተመለሰ ዛጎል ካለ እቆጥር ነበር። ሥራው ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ነበር። እኔ ግን አንድም ሳላገኝ ለውጡ መጣና ወደ አገሬ ወደ መንዝ ተመልሼ ቀየት በምትባል ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ስቀመጥ የሚናፍቀኝ ያ ጨው ጨው የሚል የባሕር ነፋስ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ቆሜ ሳለ፣ ባቄላ የሚሸጡ አንዲት እናት ጮክ ብለው፣ «አንተ ያ እብዱ ዛጎል ቆጣሪ አይደለህም?» አሉኝ። ተማሪዎቼ በሳቅ ፈነዱ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«ተሳስተው ይሆናል፣ እማማ።»

«ምን ቆርጦኝ ልሳሳት! ወደቡ ላይ ምግብ ስሸጥ ድንጋይ ላይ ተደፍተህ አይህ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅብህ ነበር እኮ!»

ተማሪዎቼን አሰናብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ከአሰብ የወጡት ከለውጡ ዓመታት በኋላ የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ነው። ትንሽ አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ከሄድክ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። በየወሩ እየወረድኩ ቆጠርኩልህ። ውሃው እንደ ድሮው አይቀዘቅዝም፤ በጥር እንኳ እግሬን ስነክረው ይሞቃል። ዛጎሉ ግን፣ ልጄ፣ ድንጋዩን መልሶ ሞልቶት ነው የወጣሁት።»